የፋይል ሥርዓታችን ሰነድ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል? ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሦስት ባለሙያዎች በሴፍ (ዳታን በብዙ ሰርቨሮች ዲስኮች ላይ በቅጂ በሚያከፋፍል ሶፍትዌር) ላይ የተመሠረተ የተሰራጨ የፋይል ሥርዓት ያስተዳድራሉ። ሥርዓቱ ሲተከል በዊኪ ላይ ወደ 90 ገጽ የሚጠጋ የአሠራር ሰነድ ተጽፎለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ሦስት ጊዜ ወደ አዲስ ስሪት ተሸጋግሯል፤ ሰነዱ ግን በነበረበት ቆሟል። ባለፈው ወር አንድ ዲስክ ተበላሽቶ ጠያቂው ገጹን ከፍተው ደረጃ በደረጃ ሲሠሩ፣ ሦስተኛው ትእዛዝ ላይ ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም አላቸው። አለቃቸው አሁን ሰነዱ በሙሉ እንደ አዲስ እንዲጻፍና በየስድስት ወሩ እንዲከለስ አዘዋል። ጠያቂው ይህ ያዋጣ እንደሆነ፣ እንዲሁም ሰነዱን ከዊኪ አውጥቶ ከኮዱ ጋር ማስቀመጥ ይሻል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ቀጥታ መልሱን ላስቀድም፦ እንደ አዲስ አትጻፉት፤ የስድስት ወሩንም ክለሳ አትመኩበት። 90 ገጽ እንደ አዲስ መጻፍ ሌላ ሥራ ያለበትን የሦስት ሰው ቡድን ወራት ይፈጅበታል፤ የመጨረሻው ገጽ ሲያልቅ የመጀመሪያው ማርጀት ጀምሯል። የስድስት ወር ክለሳ ደግሞ በተግባር ምን እንደሚመስል ደጋግሜ አይቻለሁ። ቀኑ ይደርሳል፣ ሁሉም ሥራ በዝቶበታል፣ አንዱ ገጾቹን እየከፈተ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ይቃኛቸዋል፣ አንዲት የፊደል ግድፈት ያርማል፣ «ተከልሷል» ብሎ ቀን ይጽፋል። ያ ገጽ ከዚያ በኋላ ከበፊቱ ይብሳል። በፊት የተሳሳተ ብቻ ነበር፤ አሁን ስሕተቱ ላይ ትኩስ ማኅተም ተመትቶበታል።

በአንድ ገጽ ውስጥ አሥር ዓመት የሚቆይ ዓረፍተ ነገርና ነገ ሐሰት የሚሆን ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሰነድ ስመረምር ገጹ መቼ ተጻፈ ብዬ አልጀምርም። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «አንተን ሐሰት የሚያደርግህ ምንድን ነው?» እለዋለሁ። አንዱን ሐሰት የሚያደርገው አዲስ ሰርቨር መጨመሩ ነው፤ ሌላውን የስሪት ሽግግር፤ ሌላውን ደግሞ የቡድኑ ሐሳብ መለወጥ። መልሱ ከታወቀ የሚቀረው ሥራ ዓረፍተ ነገሩን ያ ለውጥ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ለውጡ ሲመጣ ሳይነካው ማለፍ እንዳይችል።

ማንም ሊያረጋግጠው የሚችል ምሳሌ ልስጥ። ግዙፍ ዳታን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያቀናብረው የሃዱፕ ሶፍትዌር የፋይል ሥርዓት በሆነው በኤችዲኤፍኤስ ውስጥ የፋይሎቹን ስምና አድራሻ የሚይዘው አገልግሎት ኔምኖድ ይባላል። የኔምኖድ የድረ ገጽ መቆጣጠሪያ ለዓመታት የሚገኘው በፖርት (ፕሮግራሞች በኔትወርክ በሚገናኙበት የበር ቁጥር) 50070 ላይ ነበር። ጣጣው፣ ቁጥሩ ሊኑክስ ለጊዜያዊ ግንኙነቶች ከሚያድለው የፖርት ክልል ውስጥ ይወድቃል፤ አገልግሎቱ ሲነሣ አልፎ አልፎ ፖርቱን ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ይዞት ያገኘዋል። ስለዚህ በ2017 መጨረሻ የወጣው ሃዱፕ 3 ቁጥሩን ወደ 9870 ለወጠው። (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዘመቻ ተጠቃሚ ፕሮግራሞች ከኔምኖድ ጋር የሚገናኙበት 8020ም 9820 ሆነ። 3.0.1 ሲወጣ ግን 9820 ተመልሶ 8020 ተደረገ። እስኪ ሁለት ቡድኖች ያስቡ። አንደኛው ትጉህ ነው፤ 3.0.0 በወጣ ሳምንት ሰነዱን አስተካከለ። ሁለተኛው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ ስለዚህች አንዲት ቁጥር እውነተኛው ሰነፉ ሆኖ ተገኘ። ትጉሁ ከቁጥሩ አጠገብ «3.0.0» የምትል ምልክት ትቶ ቢሆን ኖሮ ግን የሚቀጥለው ሽግግር ላይ ማን ምን መፈተሽ እንዳለበት ይታወቅ ነበር።

ከእናንተው ከሴፍ ሌላ ልጥቀስ። ሴፍ ዳታውን የሚያከፋፍልባቸው ፕሌስመንት ግሩፕ የሚባሉ ክፍልፋዮች አሉት። ሰነዱ ለዓመታት ቁጥራቸውን አስቀድማችሁ አስሉ፣ ማብዛት ይቻላል፣ መቀነስ ግን አይቻልም ይል ነበር። እውነት ነበር፤ በ2019 ናውቲለስ የተባለው ስሪት እስኪወጣ። ናውቲለስ መቀነስን ፈቀደ፣ ቁጥሩን ራሱ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያም አመጣ፤ በዓመቱ የወጣው ኦክቶፐስ ደግሞ መቆጣጠሪያው ለአዳዲስ ፑሎች (ክፍልፋዮቹ ለሚመደቡባቸው የዳታ ማኅደሮች) ሳይጠየቅ እንዲሠራ አደረገው። ዛሬም ግን «ፈጽሞ መቀነስ አይቻልም» የሚል የውስጥ ሰነድ ያጋጥመኛል። ይህኛው ዓይነት ስሕተት ከእርስዎ የዲስክ ገጽ ይልቅ ያሳስበኛል። የእርስዎ ገጽ ቢያንስ ጮኸ፤ ትእዛዙ የለም ተባለ፣ ቆሙ። ይህኛው ምንም አይሰብርም፣ ምንም አይጮኽም፤ ሰው የሚችለውን እንደማይችል አድርጎ ለዓመታት እንዲኖር ያደርገዋል።

አሁን ወደ 90ው ገጽ እንግባ። ሳላየው ልገምት፤ ብዙውን ቦታ የያዘው ማሽኑ ራሱ የሚያውቀው ነገር ነው። የሰርቨሮች ስም ዝርዝር፣ የአይፒ አድራሻ፣ የዲስኮች ብዛት፣ የትኛው ዲስክ በየትኛው ሰርቨር እንዳለ፣ የወቅቱ ቅንብር። ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሰርዙት። በቦታው ማሽኑን የሚጠይቀውን ትእዛዝ ጻፉ፤ ከትእዛዙ ይልቅ ግን መልሱ እንዴት እንደሚነበብ ላይ ጊዜ አጥፉ። የዲስኮቹን ዛፍ የሚያሳየው ትእዛዝ አርባ መስመር ሲያወርድ አዲስ ሰው የትኛውን ዓምድ ነው የሚያየው? ክብደቱ ዜሮ የሆነ ዲስክ ሲያይ ሊደነግጥ ይገባዋል ወይስ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው? ይህን ማሽኑ አይናገርም።

ትልልቆቹ ፕሮጀክቶችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የኤችዲኤፍኤስን የነባሪ (ማንም ካልቀየራቸው የሚሠሩ) ቅንብሮች ማውጫ ያነበበ ሰው የሚያየው ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የሚሄደውን የኤክስኤምኤል ፋይል ነው፤ ለብቻው የሚጻፍ ገጽ የለም። ከዚያም ላይ በኮዱ ውስጥ የተጠቀሱትን የቅንብር ስሞች ከፋይሉ ጋር የሚያስተያይ ፍተሻ አለ፤ ገንቢው አዲስ ቅንብር ኮዱ ላይ ጨምሮ ፋይሉ ላይ ሳያስገባው ቢቀር ፍተሻው ይወድቅበታል። ሴፍም በቅርብ ዓመታት ስሪቶቹ የቅንብር አማራጮቹን ከነማብራሪያቸው በያምል ፋይሎች ጽፎ፣ ፕሮግራሙንም ሰነዱንም ከዚያው ይቀዳል። የሦስት ሰው ቡድን ይህን ሁሉ መገንባት አይጠበቅበትም። ሐሳቡን መውሰድ ግን ይችላል፤ አንድ ነገር ሁለት ቦታ ከተጻፈ አንዱ ቀን ጠብቆ መዋሸቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ላይ ግን ከደንቤ እወጣለሁ። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰው ቁጥር ዓይኑ ፊት ይፈልጋል። ሴፍ አንድ ዲስክ 85 በመቶ ሲሞላ ያስጠነቅቃል፣ 90 ላይ ወደዚያ ዲስክ የሚደረገውን ዳታ የማዛወር ሥራ ያቆማል፣ 95 ላይ መጻፍን ይከለክላል፤ እነዚህ ነባሪ ቁጥሮች ናቸው። «ገደቡን ለማወቅ ይህን ትእዛዝ ስጥ» ብቻ ብሎ መተው ለደከመ ሰው ጭካኔ ነው። ቁጥሩንም ጻፉት፣ ማሽኑን የሚጠይቀውንም ትእዛዝ አጠገቡ አድርጉ፤ ሁለቱ ከተጣሉ ማሽኑን እመን የሚል ቃል ጨምሩበት።

ከስሪት ጋር የታሰሩት ዓረፍተ ነገሮች ሁለተኛው ወገን ናቸው፤ የእርስዎን ችግር የፈጠረውም ይኸው ነው። እንደምገምተው ሰነዱ ሲጻፍ ዲስክ የሚዘጋጀው ሴፍዲስክ በሚባለው መሣሪያ ነበር፤ ያ ቀርቶ በሴፍቮልዩም ተተክቷል። ዳታው በዲስኩ ላይ የሚቀመጥበት አሠራርም ከፋይልስቶር ወደ ብሉስቶር ዞሯል፤ ብሉስቶር በ2017 በወጣው ሉሚነስ ነባሪ ሆነ፣ በ2023 የወጣው ሪፍ ደግሞ ፋይልስቶርን ጨርሶ አስወገደው። ማለትም የእናንተ ገጽ ላይ አንድ ትእዛዝ ብቻ አይደለም ያረጀው፤ ስለ ጆርናል (ፋይልስቶር የሚጻፈውን አስቀድሞ ስለሚመዘግብበት) ክፍልፍል የሚያወራው አንቀጽ ካለ እሱም የሌለ ዓለም ነው የሚገልጸው። ትእዛዙን ብቻ ቀይራችሁ እንዳትሄዱ የምለው ለዚህ ነው።

የሉስተር፣ የሌላ የተሰራጨ የፋይል ሥርዓት፣ የአስተዳደር ማኑዋል በዚህ ረገድ የምወድለት ልማድ አለው። አዲስ ችሎታ በተገለጸበት ቦታ «ከሉስተር 2.4 ጀምሮ» የመሰለ ምልክት ከጽሑፉ ጋር ይቀመጣል፤ የድሮ ስሪት ያለው ሰው ይህ እኔን አይመለከትም ብሎ ያልፋል። ማኑዋሉ የራሱ የስሕተት መዝገብም አለው፤ በሰነዱ ውስጥ የተገኘ ስሕተት እንደ ኮድ ስሕተት ቁጥር ተሰጥቶት ይመዘገባል። እናንተም በየገጹ አናት አንድ መስመር ይኑራችሁ፦ ይህ አሠራር ለመጨረሻ ጊዜ በእጅ የተሞከረው በየትኛው ስሪት ላይ ነው፣ መቼ፣ በማን። ዊኪው ራሱ የሚጽፈው «ለመጨረሻ ጊዜ የታረመበት ቀን» ይህን አይተካም። ነጠላ ሰረዝ ያስተካከለ ሰው ያን ቀን ያድሰዋል።

ወደ አዲስ ስሪት ከመሸጋገራችሁ በፊት፣ ልብ ይበሉ፣ በፊት፣ ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ይቀመጥ። አንዱ የአዲሱን ስሪት ማስታወሻ ያነባል፤ የተወገደ፣ ስሙ የተለወጠ ወይም ነባሪ ዋጋው የተቀየረ ነገር በተጠቀሰ ቁጥር ሁለተኛው ያንን ቃል በሰነዱ ውስጥ ይፈልጋል። አሰልቺ ነው፤ አልዋሽዎትም። ግን ዓመቱን ሙሉ ለሰነዱ ከምታውሉት ጊዜ ሁሉ ይህ ግማሽ ቀን ይበልጣል፤ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገሮቹን ሐሰት የሚያደርገው ነገር በዚያ ቀን በዚያ በር ነው የሚያልፈው። ወደ ሴፍ ይፋዊ ሰነድ ስትጠቁሙም የስሪታችሁን ገጽ ጥቀሱ። «የቅርብ ጊዜው» የሚለው አድራሻ ገና በመሠራት ላይ ያለውን ስሪት ነው የሚያሳየው፤ እናንተ ያልደረሳችሁበትን።

ትንሽ ኮድ መጻፍ የማይከብደው ካለ ደግሞ አንዲት መሣሪያ ይሥራ። ከሰነዱ ውስጥ በትእዛዝ መልክ የተጻፉትን መስመሮች ትልቀም፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም በአሁኑ ስሪት ላይ መኖሩን ትጠይቅ፣ ከነአማራጮቹ በእገዛ ጽሑፉ ውስጥ መገኘቱን ትይ፤ የጠፋውን ትዘርዝር። ትእዛዙን አታስኬደው፤ መኖሩን ብቻ ትጠይቅ። ሠላሳና አርባ መስመር አይበልጥም፤ በየሌሊቱ ብትሮጥ የባለፈውን ወር ጉዳይ የመጀመሪያው ሽግግር ማግሥት ትነግራችሁ ነበር።

አሁን ማንም ወደማይወደው ወገን፣ አደጋ ሲደርስ ብቻ ወደሚከፈቱት ገጾች ልምጣ። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ቦታ ለሰርቨር ጥገና የሚሆን አንድ ረጅም ገጽ ነበረን። እንደሚያውቁት ሴፍ አንድ ዲስክ ሲጠፋበት በነባሪ 600 ሴኮንድ ይታገሣል፤ ከዚያ ዲስኩን እንደወጣ ቆጥሮ የጎደሉትን ቅጂዎች ሌላ ቦታ መገንባት ይጀምራል። ሰርቨሩን ለጥገና ስናጠፋው ይህ ግንባታ በከንቱ እንዳይጀመር ኖአውት የሚባለውን ምልክት እናበራለን፤ ስንጨርስ እናጠፋዋለን። ገጹ ይህን በትክክል ይናገር ነበር። አንድ ቀን አንድ ባልደረባችን ገጹ ረዝሟል ብሎ «ከጥገና በፊት» እና «ከጥገና በኋላ» በማለት ለሁለት ከፈለው። ገጾቹ አማሩ። የመጀመሪያው ግን የሚያልቀው «ሰርቨሩ መነሣቱን አረጋግጥ» በሚል መስመር ነበር፤ ሁለተኛውን ክፈት የሚል ቃል የለበትም።

አዲስ የመጣ ባልደረባችን አንድ ሰርቨር ጠገነ፣ መነሣቱን አረጋገጠ፣ ገጹን ዘጋ። ምልክቱ እንደበራ ቀረ። ሥርዓቱ በጉዳዩ ዝም አላለም፤ ጤናውን በጠየቅነው ቁጥር ኖአውት በርቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። እዚህ ላይ ሌላ ገጽ ገባ። ከብዙ ጊዜ በፊት የሰርቨሮቹ ሰዓት እየተዛባ ማስጠንቀቂያው ቢጫ ሆኖ ሲያስቸግር አንዱ «ቢጫ ማስጠንቀቂያ የተለመደ ነው፣ ከሰዓቱ ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። የሰዓቱ ችግር ከተፈታ ዓመት አልፎታል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አለ፣ ዓይናችንም ቢጫን አለማየት ለምዷል። በዘጠነኛው ቀን አንድ ዲስክ ሞተ፤ ሥርዓቱ እንደታዘዘው ምንም አላደረገም። በሳምንቱ፣ ሌሊት፣ በሌላ ሰርቨር ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ ሞተ። ሁለቱ ዲስኮች በጋራ ይዘዋቸው የነበሩ ክፍልፋዮች ከሦስት ቅጂ ወደ አንድ ወረዱ፤ ሥርዓቱም በእነርሱ ላይ ማንበብም መጻፍም አቆመ።

ያን ሌሊት ከእኛ አንዱ ኢንተርኔት ላይ መድኃኒቱን አገኘ፦ ሥርዓቱ ለመሥራት የሚጠይቀውን ዝቅተኛ የቅጂ ቁጥር ከ2 ወደ 1 አውርድ። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፤ ሁሉም ነገር ወዲያው ይከፈታል፤ ስልኩም መጮኹን ያቆማል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ግን በአንዲት ዲስክ ላይ ብቻ ያርፋል። ጣቱ ቁልፉ ላይ ሳለ ሌላው ባልደረባችን የውሳኔ ገጹን ከፍቶ አነበበለት። አራት መስመር ነበር፦ «ዝቅተኛው ቁጥር 2 ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ሲቀር ሥርዓቱ እንዲቆም የፈለግነው እኛ ነን። ወደ 1 አታውርዱት፤ በአንድ ቅጂ ላይ የተጻፈ ነገር ያ ዲስክ ከሞተ መመለሻ የለውም። ይልቅስ ቅጂዎቹ ለምን እንዳልታደሱ ፈልጉ።» ያወጣን የመጨረሻው መስመር ነው። ለምን አልታደሱም ብለን ስንፈልግ ኖአውትን አገኘነው። አጠፋነው፤ ግንባታው ተጀመረ፤ ሊነጋጋ ሲል የጎደለው ሁሉ ወደ ሦስት ቅጂ ተመልሶ ነበር። ዳታ አልጠፋም።

ሦስቱን ገጾች ያስተያዩ። ሁለቱ ያሳሳቱን ገጾች በቅርብ ጊዜ ብዙ እጅ የነካቸው ነበሩ። ያዳነን ገጽ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም፤ መንካትም አያስፈልገውም ነበር፤ እሱን ሐሰት ሊያደርገው የሚችለው የእኛ ውሳኔ መለወጥ ብቻ ነውና። ስለዚህ የሦስት ሰው ቡድን ያለውን ጥቂት የመጻፊያ ጊዜ የት ላይ ያውል ቢባል፣ ምክንያቶቹ ላይ እላለሁ። ለምን ሦስት ቅጂ? ለምን በሰርቨር ሳይሆን በመደርደሪያ ደረጃ አከፋፈልን? ለምን ያን ነባሪ ቁጥር ቀየርን? ማሽኑ ቁጥሩ 2 መሆኑን ይነግራችኋል፤ ለምን 2 እንደሆነ ግን ያንን የወሰነው ሰው ሥራ ሲለቅ አብሮት ይሄዳል።

እነዚህ የውሳኔ ገጾች አይታረሙም፤ ይተካሉ። ፋይልን በኔትወርክ ማጋሪያ ደንብ የሆነው የኤንኤፍኤስ አራተኛ ስሪት መግለጫ በ2000 አርኤፍሲ (የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡበት ባለ ቁጥር ሰነድ) 3010 ሆኖ ወጣ፤ በ2003 በ3530 ተተካ፤ እሱም በ2015 በ7530። የድሮዎቹ ዛሬም አንድ ፊደል ሳይለወጥባቸው ይነበባሉ፤ በማውጫው ላይ ግን በማን እንደተተኩ በግልጽ ተጽፎባቸዋል። ውሳኔያችሁ ሲለወጥ አሮጌውን ገጽ አታሻሽሉ። አናቱ ላይ «በዚህ ተተክቷል» ብላችሁ አዲስ ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ከዚህ በፊት ሞክረነዋል እንዴ የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም።

ስለ ወፋፍራም ማኑዋል አንድ ነገር ልጨምር፤ አለቃዎ እንደ አዲስ ይጻፍ ሲሉ ያሰቡት እንዲህ ያለውን ሳይሆን አይቀርም። ኤኤፍኤስ የተባለው የተሰራጨ የፋይል ሥርዓት በ1980ዎቹ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተወለደ፤ በ2000 አይቢኤም ኮዱን ሲከፍተው ኦፕንኤኤፍኤስ የተባለው ፕሮጀክት ከኮዱ ጋር የአይቢኤምን ማኑዋሎችም ወረሰ። ማኑዋሎቹ ጥሩ ነበሩ፤ ጣጣው ያለው እዚያ ላይ ነው። ስለ ሴልና ስለ ቮልዩም (ሥርዓቱ ስለሚከፋፈልባቸው አሃዶች) የሚሉት አብዛኛው ሳይናወጥ ቆየ። ስለ ማንነት ማረጋገጫ ግን ዓለም ወደ ከርቤሮስ 5 ከተሻገረ በኋላም የኤኤፍኤስን የራሱን አሮጌ አገልግሎት፣ ኬኤሰርቨርን፣ ያስተምሩ ነበር፤ ያ መንገድ ደግሞ ዴስ በሚባለው ደካማ ምስጠራ ላይ የቆመ ነው። ኦፕንኤኤፍኤስ ራሱ ከዴስ የጠነከሩ ቁልፎች የሚሠሩበትን የደኅንነት ማሻሻያ በ2013 አውጥቷል። ዘጠኙን እውነት ሆኖ ያገኘ አንባቢ አሥረኛውን አይጠራጠርም። ትልቅ ሰነድ ሲጽፉ ይህን ዕዳ አብረው ይገዛሉ፤ ለሦስት ሰው ይከብዳል።

ወደ ዊኪና ኮድ ማከማቻ ጥያቄዎ ስመለስ፦ ቅንብራችሁ በጊት (የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ በሚይዝ መሣሪያ) ማከማቻ ውስጥ ከሆነ አዎ፣ ሰነዱንም እዚያው አስገቡት። ሴፍ ራሱ ሰነዱን ከኮዱ ጋር በአንድ ማከማቻ ነው የሚይዘው፤ እያንዳንዱ የስሪት ቅርንጫፍ የራሱን ሰነድ ይዞ ይሄዳል። ጥቅሙ፣ ቅንብሩን የሚለውጠውና ገጹን የሚለውጠው የለውጥ ጥያቄ አንድ ላይ ቀርቦ በአንድ ዓይን ይታያል። ቅንብራችሁ በእጅ የሚለወጥ ከሆነ ግን ሰነዱን ብቻ ማዛወር ዕቃ ከክፍል ወደ ክፍል እንደመግፋት ነው፤ ዊኪው ይቆይ፣ መጀመሪያ ቅንብሩን አስገቡ። ብዙ ቡድኖች «ሰነድ ያልነካ ለውጥ አይጸድቅም» የሚል ሕግ ያወጣሉ። ሞክሬዋለሁ፤ በሁለት ወሩ ሁሉም «ሰነድ አያስፈልገውም» ብሎ መለጠፍ ለመደ። የተሻለው ለውጡን የሚገመግመው ሰው አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፦ ይህ ለውጥ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ሐሰት ያደርጋል?

የአደጋ ገጾቹን በተመለከተ ከልምምድ ሌላ መድኃኒት አላውቅም። ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ላይ ትንሽ ሴፍ ትከሉ፤ ከመሸጋገራችሁ በፊት አዲሱን ስሪት እዚያ ላይ ጫኑ፤ አንድ ዲስክ አውልቁ። ከሦስታችሁ ያን ገጽ ያልጻፈው ሰው ገጹን ብቻ ይዞ ይጠግን፤ የጻፈው አጠገቡ ይቀመጥ፣ አፉን ግን ይዝጋ። አብሮ የተቀመጠው የሠራተኛውን እጅ ይመልከት። እጁ ቁልፉ ላይ የቆመበት፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተመልሶ የሄደበት ቦታ ሁሉ የገጹ ጉድለት ነው፤ ሰውየው በኋላ ምንም አልከበደኝም ቢል እንኳ። እኛም ይህን አድርገን ቢሆን ኖሮ ለሁለት የተከፈለው ገጻችን በመጀመሪያው ቀን ይጋለጥ ነበር። ለመጀመር አምስት ገጽ ይበቃል፦ ዲስክ ሲሞት፣ ሰርቨር ሲጠፋ፣ ቦታ ሲሞላ፣ ሞኒተሮቹ (የሥርዓቱን ሁኔታ የሚከታተሉት የሴፍ አገልግሎቶች) አብላጫ ሲያጡ፣ ስሪት ሲቀየር። ከቀሩት ገጾች ብዙዎቹን ትሰርዛላችሁ ብዬ እገምታለሁ፤ ለመሰረዝ እጃችሁ እንዳይፈራ ታሪካቸውን ጊት ይይዝላችኋል።

ሰነዱ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ግን ዊኪያችሁ የሚሠራበት ቨርቹዋል ማሽን ዲስኩ የት እንዳለ ዛሬ ይጠይቁ። ሴፍ ላይ ከሆነ፣ ሴፍ የቆመ ዕለት ሴፍን እንዴት እንደሚያስነሡ የሚነግርዎ ገጽ አብሮ ቆሟል። የአምስቱ ገጾች ቅጂ በየአንዳንዳችሁ ላፕቶፕ ላይ ይኑር፤ የመግቢያ ቁልፎቹ የሚገኙበት መንገድም በዚያው ሥርዓት ላይ የተመረኮዘ አይሁን። ወረቀት ላይ አትሞ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አውቃለሁ፤ አልስቅበትም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የአምስት ደቂቃ ሥራ አለ። ባለፈው ወር ያሳሳተዎት የዲስክ ገጽ ይህን ስጽፍ ሳይነካ እዚያው ያለ ይመስለኛል፤ የሚቀጥለው ዲስክ የእናንተን ዕቅድ አይጠብቅም። ገጹን ይክፈቱና አናቱ ላይ በትልቁ «ከሦስተኛው ትእዛዝ ጀምሮ አይሠራም፤ በዚህ ገጽ ዲስክ አትቀይሩ፤ መጀመሪያ እኔን ጥሩኝ» ብለው ስምዎንና የዛሬውን ቀን ይጻፉበት።